ዕጣ የወጣላት፣ ዕጣ ያልወጣላት

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። መቼም እኛ ቤት ትልልቅ ነገር ሁሉ የሚጀመረው በስልክ ነው። እሁድ ከሰዓት ነበር፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ኢሞ ጮኸ። ከቤይሩት። ታላቅ እህታችን ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳትጨርስ፣ ‹‹ሚጡ አራት ሊሞላት ነው አይደል? እዛ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ውሰዷት›› አለች። በጥያቄ መልክ የመጣ ትእዛዝ ነው። እማዬ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። እኛ ቤት ሲኒ ሳይጠጣ ከተመለሰ ጉዳዩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት እኛ ማን እንደሆንን እንናገር። እኛ ማለት እማዬ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት በስልክ ስክሪን ብቻ የምናውቃት ታላቅ እህታችን፣ ታናሺቱ (ጋዜጠኝነት ተመርቃ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ጫማ ከጨረሰች በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ የተወሸቀችው፤ ይህን የምትጽፈውም እሷው ናት) እና ሚጡ ነን። ሚጡ የታላቋ ልጅ ናት። የአባቷ ወሬ ለሌላ ቀን ይቆየን። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ልደታ ነበርን፤ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነው ቡናችንንና ረከቦታችንን ይዘን የመጣነው።

‹‹እዛ›› የሚለው ቃል በእኛ ቤት አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያመለክተው። ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት። (ስሙ ይቅርብን።) ታላቋ ዕድሜዋ ሲደርስ እማዬ ለዕጣ ወሰደቻት። አልወጣላትም። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሿን ወሰደቻት። ወጣላት። እንግዲህ ከአንድ ማህፀን የወጣን፣ ከአንድ ትሪ የበላን፣ አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግን ሁለት ሴት ልጆች በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለያየን። ታላቋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች፤ በአንድ ዴስክ ለአራት ተቀምጣ ተማረች፤ ያኔ የነበረውን፣ አሁን የቀረውን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትና መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አጣች፤ ጸጉር ቤት ሠራች፣ ካፌ ሠራች፣ ወለደች፣ ሚጡ ዓመት ከምናምን ሲሆናት ቤይሩት ሄደች። ታናሿ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ታላቋ እነዚህን ሁለት ታሪኮች የምታገናኛቸው በአንድ ክር ነው፤ በዚያች ወረቀት። እኛ ደግሞ ‹‹ኧረ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጣ ስንት ሐኪም አለ፤ ከእነዚያ ሲስተሮች ግቢ ወጥቶም ቤቱ የተቀመጠ ስንት አለ›› እንላታለን። ልክ ነን። ግን እሷ ቤይሩት ሆና፣ እኛ እዚህ ሆነን ስንከራከር ልክ መሆን ብዙም አይረባም።

ሌላም ምክንያት አላት። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ቤይሩት በቦምብ ስትደበደብ አሠሪዎቿ ቤቱን ቆልፈው ወደ ተራራው ሸሹ፤ እሷን ‹‹ራስሽን አድኚ›› ብለው በር ላይ ትተዋት። ያን ጊዜ የኢየሱሳውያን ማኅበር ለስደተኛ ሠራተኞች በሩን ከከፈተላቸው ከቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሰነበተች። ‹‹ማን ነሽ፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ያለኝ የለም። ፍራሽ ሰጡኝ›› ብላናለች። ከዚያ ወዲህ ካቶሊክ የሚለውን ቃል ስትጠራው ድምጿ ይለወጣል።

የሆነው ሆኖ ትእዛዙን ተቀበልን። ማጣራቱ የታናሺቱ ሥራ ሆነ። ጋዜጠኛ አይደለች?

ካቶሊክ ሲባል

የመጀመሪያው የገረመን ነገር ይኼ ነው፦ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድ እንኳን አይሞሉም። ትምህርት ቤቶቻቸውን ግን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። የዴ ላ ሳል ብራዘሮች የሚያስተዳድሩት ቅዱስ ዮሴፍ፣ ናዝሬት፣ ልደታ ካቴድራል፣ ናቲቪቲ… ከእነዚህ ከአንዱ የወጣ ሰው በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ከዩኒቨርሲቲው ስም ቀድሞ ሲጠራ ሰምተን እናውቃለን። ቁጥሩን ስናየው ነገሩ ግልጽ ነው፤ በእነዚህ ግቢዎች የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ካቶሊክ ሊሆኑ አይችሉም። የእኛዋ ታናሽ ክፍልም እንዲሁ ነበር። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው ተደባልቆ፣ ካቶሊኮቹ በጣት የሚቆጠሩ።

ስለዚህ እኛ አገር ካቶሊክ ትምህርት ቤት መምረጥ ሃይማኖት መምረጥ አይደለም። ሕጉም አይፈቅድም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይላል። ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ‹‹ዲሲፕሊን›› ይሉታል። ሲተረጎም፦ አስተማሪው ሳይቀር ይገባል፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው፣ እንግሊዝኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ልጅህ ሦስት ቀን ብትቀር ደውለው ይጠይቁሃል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በእሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ የአራት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለው ይመስል ይጨነቃል። እኛም ተጨነቅን። ሚጡ ግን በዚያ ሰሞን የምትጨነቀው ስለ ሊፍት ነበር። ኮንዶሚኒየማችን ለምን ሊፍት የለውም?

አንድ ነገር ደግሞ ታናሿ ስታነብ አግኝታ አነበበችልን። ዴ ላ ሳል የሚባለው ፈረንሳዊ ቄስ በ1680 እ.ኤ.አ. የብራዘሮቹን ማኅበር የጀመረው የድሆችና የእጅ ሠራተኞችን ልጆች በነጻ ለማስተማር ነበር። እማዬ ‹‹በነጻ?›› አለች። በነጻ። ‹‹ዘግይተን ነው የተወለድን በያ›› አለች።

ሒሳቡ

እንግዲህ ወደ ነጻ ያልሆነው እንምጣ። ታናሿ ደብተር አወጣችና በሦስት ዓምድ ከፈለችው።

አንደኛው ዓምድ፦ ከብሎካችን በእግር አምስት ደቂቃ የሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤት። ክፍያ የለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ሄደን ኬጂውን አየነው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ መምህሯ ግን ፈገግታዋ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ዓምድ፦ ስሙ ላይ ‹‹ኢንተርናሽናል›› የሚል ቃል ያለበት የግል ትምህርት ቤት። ግቢው የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ያህላል። በወር 7,000 ብር። ኢንተርናሽናል የሆነው ምኑ እንደሆነ ስንጠይቅ ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ባንዲራዎች አሳየችን። ዓምዱን ሰረዝነው።

ሦስተኛው ዓምድ፦ እዛ። በወር 2,900 ብር። ከግሎቹ አንጻር ርካሽ ነው፤ እማዬም ‹‹ይኼማ ይቻላል›› አለች። ታናሿ ግን እጇን አነሳች። ቆይ። የአሥር ወር ክፍያ 29,000። መመዝገቢያ 1,500። ዩኒፎርም ከስፖርት ልብስና ከሹራብ ጋር 3,800። መጽሐፍና ደብተር 2,200። ሰርቪስ ከጀሞ ደርሶ መልስ በወር 2,600፣ በአሥር ወር 26,000። ድምር 62,500 ብር። ሰርቪሱ ከትምህርቱ ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ስንደምረው ነው የገባን፤ ለካ ከልደታ መነሳታችን አሁንም ያስከፍለናል። ድሮ ታናሿ በእግሯ ነበር የምትሄደው።

ገቢያችን ይኸውላችሁ። እማዬ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍለው እንጀራ አለ፤ ጤፉን ሲቀንሱት የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ታናሿ ተቆራርጦ 12,000 ብር ይደርሳታል። ታላቋ ከምታገኘው 250 ዶላር 150ውን ትልካለች፤ ቀሪውን ትቆጥባለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላሯ ብዙ ብር ያመጣል። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ሰርቪሱም ይህን ሰምተዋል።

ቁጠባው ደግሞ ስም አለው። ጸጉር ቤት። ኮንትራቷ ጥር ላይ ሲያልቅ ትመጣለች፣ ጀሞ ላይ አንዲት ክፍል ትከራያለች፣ ሁለት ካስክና አንድ መስተዋት ይዛ ትጀምራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ የተነጋገርንበት ዕቅድ ነው። ሒሳቡን በስልክ ስናነብላት ግን ዝም አለችና፣ ‹‹ሁለት ዓመት ልጨምራ›› አለች። ‹‹ማዳም ጠይቃኛለች። ጸጉር ቤቱ የትም አይሄድም።››

እማዬ ስልኩን ለታናሿ ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች።

አስጠምቋት!

ዕጣውስ ቢሆን መች ዝም ብሎ ይገኛል? የማስታወቂያው ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ አራት ጉርድ ፎቶ፣ የወላጅ መታወቂያ። እናት ውጭ ከሆነች ውክልና። (ታላቋ ስትሄድ ውክልና ለእማዬ ትታ መሄዷ ጠቀመን። ለባንክ ብላ ያደረገችው ነበር።) ቀጥሎ ተራው፦ መጀመሪያ እህት ግቢው ውስጥ ያላቸው፣ ከዚያ የቁምስና ደብዳቤ ያላቸው ካቶሊኮች፣ ከዚያ የሠራተኛ ልጆች፤ በተረፈው ቦታ ሌሎቻችን በዕጣ።

ይህን ለታች ፎቅ ጎረቤታችን ስንነግራት ሳቀችብን። ‹‹እናንተ ልጆች ፋራ ናችሁ እንዴ? አስጠምቋታ! ደብዳቤውን ይዛችሁ መምጣት ነው። እገሊት እንደዛ አይደል ያስገባች።›› እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ሚጡ በሰማንያ ቀኗ ልደታ ተጠምቃለች፤ ማተቧን ያሰረችላት እማዬ ራሷ ናት። ‹‹የልጅ ክርስትና የወንበር መግዣ ነው እንዴ?›› ብላ ተነሳች። ማታ ግን ታላቋ በስልክ፣ ‹‹እማ፣ ምን አለበት? እዚህ እኔን ያስጠለሉኝ እነሱ አይደሉም? እግዚአብሔር አንድ ነው›› አለቻት። እማዬ አልመለሰችም። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ለዚህ ነው የከበደን።

ታናሿ ለማንም ሳትናገር በማግስቱ ወደ ቁምስናው ሄደች። (‹‹ለመጠየቅ ያህል›› ነው ያለችን በኋላ። ጋዜጠኛ ስትዋሽ ‹‹ለማጣራት›› ትላለች።) ስትደርስ ቅዳሴ ነበር። በግዕዝ። ከበሮውም፣ ጸናጽሉም አለ። ዓይኗን ብትጨፍን የልጅነት ደብሯ ውስጥ ያለች መሰላት። ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ቢሮ ገብታ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም እየሄደች አስረዳች። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሟትና፣

‹‹ልጅቷ አልተጠመቀችም ነው የምትይኝ?›› አሉ።

‹‹ኧረ ተጠምቃለች አባ። ኦርቶዶክስ ናት።››

‹‹ታዲያ የተጠመቀ ሰው ይጠመቃል እንዴ ልጄ? የኦርቶዶክሱን ጥምቀት እኛ እንቀበለዋለን፤ ጥምቀት አንድ ነው። ደግመን አናጠምቅም።›› ትንሽ ቆዩና፣ ‹‹ለትምህርት ቤቱ ብላችሁ ነው አይደል?›› አሉ። ታናሿ አንገቷን ደፋች። ‹‹አትፈሪ፤ ብዙ ሰው ይመጣል። በዕጣው ግቡ። ዕጣው የናንተ ነው።››

ይህን ለእማዬ ስትነግራት እማዬ መጀመሪያ ተቆጣች (‹‹ሄድሽ?!››)፣ ቀጥሎ ደግሞ ደገመችው፦ ‹‹ጥምቀት አንድ ነው አሉ?›› ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዕጣው ከእኛ ሁሉ ይልቅ የጓጓችው እሷ ሆነች።

አዳራሹ

ቅዳሜ ጠዋት፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሱፍ የለበሰ አለ፣ ሥራ ላይ ሆኖ ሮጦ የመጣ ባለቱታ አለ፣ ሕጻን ያዘለች አለች። ከእማዬ ጎን ሂጃብ የለበሰች እናት ተቀምጣለች፤ በእጇ መቁጠሪያ። የእማዬም እጅ ላይ መቁጠሪያ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አብረው ይቆጥራሉ። አንዲት ሲስተር ቅርጫቱን ለሁሉም ሰው ዞር እያደረገች አሳየች፤ የኬጂ ልጅ ወጣችና እጇን ከተተች።

ሃያ ስንት ቁጥር ከተጠራ በኋላ የጎናችን እናት ዘላ ተነሳች፤ ሳታውቀን አቅፋ ሳመችን። ከዚያ ብዙ ቆየ። የቀሩት ቦታዎች አሥር የማይሞሉ ሲሆኑ የእኛ ተጠራ። ታናሿ ጮኸች። ሚጡ ሁሉም ስላጨበጨበ አጨበጨበች።

እማዬ ግን አልተነሳችም። የመጨረሻው ቁጥር ተጠርቶ ሰው ሲበተን፣ ፊት ለፊታችን ሰማያዊ ቱታ የለበሰው ሰውዬ ሴት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እንደተቀመጠ ቀረ። እማዬ እሱን ነበር የምታየው። ስንወጣ በር ላይ፣ ‹‹እኔም ከእህትሽ ጋር እንዲሁ ነበር የተቀመጥኩት›› አለች። ‹‹ይቺው አዳራሽ። ‘እማ፣ የኔስ መቼ ነው የሚጠራው?’ ትለኛለች። ‘ነገ’ አልኳት።››

ሰርግ ይመስል ነበር መመለሳችን መሆን የነበረበት። ታክሲ ውስጥ ማንም አላወራም፤ ከሚጡ በስተቀር።

ሽሮና ኬክ

እዚህ ላይ ታናሿ ከማንም ጋር ያልተነጋገረችበትን ነገር ማውራት ነበረባት። ሁሉም የሚያወራው ስለ መግባት ነው። ከገቡ በኋላስ?

እዛ ዩኒፎርሙ አንድ ነው፣ ጫማው አንድ ነው፣ ጸጉር አሠራሩ ሳይቀር አንድ ነው። ሲስተሮቹ ለዚህ ጥብቅ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን የምሳ ዕቃ አንድ አይደለም። ታናሿ በየቀኑ ሽሮ ነበር የምትይዘው፤ ክዳኑን በግማሽ ከፍታ፣ በክንዷ ከልላ ትበላ ነበር። አራተኛ ክፍል ሆና የመጀመሪያ የልደት ጥሪ ካርድ ተሰጣት፤ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ። ስጦታ መግዣ ስለሌለ ‹‹አሞኝ ነው›› ብላ ቀረች። አምስተኛ ክፍልም አመማት። በሽተኛ ተብላ ተለየች።

እሷ ግን ይኼን እንደ በደል አትቆጥረውም። በአንጻሩ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ሲስተር ‹‹ይህን ጨርሰሽ ነይ›› እያለች በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ የምትሰጥበት። ጋዜጠኛ የመሆን ሐሳብ የመጣውም እዚያ ከሚወጣው የግድግዳ ጋዜጣ ነው። ያፈረችበት ነገር ሌላ ነው። ስድስተኛ ክፍል አካባቢ ታላቅ እህቷን በእንግሊዝኛ ማረም ጀመረች። ታላቋ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ስታነብ ታናሿ ከአልጋ ላይ ሆና ‹‹እንደዛ አይባልም›› ትላለች። እየሳቀች። አንድ ቀን ታላቋ ጮክ ብላ ማንበብ አቆመች። ለዘላለም። ያኔ ማንም አላስተዋለም፤ ያስተዋለችው ታናሿ ብቻ ናት፤ ዝም አለች።

ትምህርት ቤት አንድን ልጅ ከቤቷ ከፍ ሲያደርጋት ቤቷን ዝቅ አድርጋ እንድታይም ሊያስተምራት ይችላል። ማንም ሳያስበው፣ ከማንም መጽሐፍ ሳይሆን። ታናሿ ለሚጡ የፈራችው ይኼንን ነው። አንድ ቀን እናቷ ከቤይሩት ስትመጣ ሚጡ ምን ትላታለች?

እሁድ ማታ ታናሿ ይህን ሁሉ በስልክ ለታላቋ አወራችላት። በብዙ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ይቅርታ ነው። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራረጠ፤ ሦስት ጊዜ ከመሃል ጀመረች። ታላቋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ሳቀች።

‹‹አውቃለሁ እኮ። መርሳት ይቻላል እንዴ? ግን እኔ ልጄ እንድታርመኝ ነው የምፈልገው። አንቺ ስታርሚኝ የከፋኝ እህቴ ስለሆንሽ ነው፤ እኩያ ነና። እሷ ብታርመኝ ደስታዬ ነው።››

እማዬ በዚህ ጊዜ ስልኩን ነጠቀች። ስትቆጣ አጭር ነው የምትናገረው።

‹‹እንግዲያው ስታርምሽ እዚህ ሁኚ። ቤይሩት ሆነሽ በኢሞ ነው የምትታረሚው? ጥር ላይ ትመጫለሽ። ከዚህ በኋላ ስለ ሁለት ዓመት ያወራሽኝ እንደሆነ ልጅቷን ራሴ ወስጄ እዚሁ ጀሞ አስገባታለሁ። ዕጣውንም ለዚያ ለባለቱታው እሰጠዋለሁ!››

ዕጣ ለሰው እንደማይሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አላረማትም።

ከዚያማ

ከዚያማ ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። ታላቋ ጥር ላይ ትመጣለች፤ ከቁጠባው የመጀመሪያው ዓመት ይከፈላል፤ ጸጉር ቤቱ በሁለት ካስክ ፈንታ በአንድ ይጀመራል። እማዬ ሁለት ሱቅ ጨመረች። ታናሿ ከጓደኛዋ ጋር ሃያ ሁለት አካባቢ ልትከራየው የነበረችውን ክፍል ተወችው፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ከእማዬ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች። መስዋዕትነት እንዳትሉት። ግን ቀብድ ተከፍሎበት ነበር፤ አልተመለሰም።

ሚጡ መስከረም ላይ ገባች። በሁለተኛው ሳምንት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፤ በሦስተኛው ሳምንት ልደት መጣ። ቦሌ አንድ የልጆች መጫወቻ ቤት፣ ቅዳሜ። በወርቃማ ቀለም አይደለም፤ ዘመኑ ተሻሽሎ በቪዲዮ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ልደት። ከዚያ ሦስተኛ። ታናሿ ስልኩን ይዛ አንድ ሌሊት ስትገላበጥ አደረች። ሚጡን ‹‹አመማት›› ልንላት ነው?

ጠዋት ላይ ጻፈች፦ ‹‹ሰላም ወላጆች፣ የአንድ ወር ልደቶችን በአንድ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ኬክ ብናከብርስ? ስጦታው ይቅርና ሁላችንም ጥቂት ጥቂት ብናዋጣ?›› ላከችና ስልኩን ትራስ ስር ደበቀችው። ፋራ መባል ያስፈራል፤ በአራት ዓመት ልጅ ወላጆች ፊትም ቢሆን።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ባለትልቁ መኪና ከምንላት እናት ነው። ‹‹ተመስገን! ማን ይጀምረው ብዬ ነበር። ሦስት ልጅ ነው ያለኝ።›› ቀጥሎ ያቺ ባለመቁጠሪያዋ ጎረቤታችን አሥራ ምናምን ጭብጨባ ላከች። ቀጥሎ አንድ የራይድ ሹፌር አባት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተስማማ። ታናሿ ሽሮዋን በክንዷ ከልላ ስትበላ ከጎኗ ስንቶቹ ክዳናቸውን በግማሽ እንደከፈቱ ያኔ ቀና ብላ አላየችም ነበር።

ታላቋ ጥር ላይ መጣች። ቦሌ ሚጡ እማዬ ቀሚስ ሥር ተደበቀች፤ እናቷን ለመቅረብ ሦስት ቀን ፈጀባት። ይኼን የሚያስተካክል ትምህርት ቤት የለም። በአራተኛው ቀን ታላቋ ሰርቪሱን ተወችና ራሷ ወሰደቻት፤ በታክሲ፣ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ። በሩ ላይ ሚጡ ግቢውን በጣቷ እያሳየች ‹‹ማሚ፣ እዚህ የምትማር ትንሽ ልጅ ነበርሽ?›› አለቻት። ታላቋ ወደ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየት አደረገችና፣ ‹‹አይ፤ አክስትሽ ናት›› አለቻት። ማታ ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር። ማልቀስም ነበረበት፤ ግን እየሳቀች ነበር።

ጸጉር ቤቱ ተከፍቷል። አንድ ካስክ ነው። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስተዋቱ ፊት ተቀምጣ የእንግሊዝኛ ቀለማትን ለደንበኞች ትቆጥራለች፤ እናቷ ሆን ብላ ትሳሳታለች፣ እሷ ታርማታለች። አንዳንዴ ግን ሆን ብላ አትሳሳትም። ያንን ሚጡ አታውቅም።

ዕጣውን ብናጣው ኖሮ ሚጡ ጀሞ ያለው ኬጂ ገብታ፣ ከዚያች ፈገግታዋ ደስ ከሚለው መምህር ጋር ትማር ነበር፤ አሁን ስናስበው ያን ያህል አያስፈራም። በግንቦት ግን አስፈርቶን ነበር። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ልንሸጠው የቀረበን ነገር የሚጡ ማተብና የእናቷ ሁለት ዓመት ነበር። ትምህርት ቤት ለምትመርጡ የምንላችሁ ቢኖር ይኼው ነው፦ ደብተራችሁ ላይ አራተኛ ዓምድ ጨምሩ። ለመግባት ስትሉ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደምታጎድሉ የምትጽፉበት።

ትናንት ሚጡ ቦርሳዋ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ‹‹የሚቀጥለውን ዓመት የክፍያ ጭማሪ በተመለከተ ወላጆች ለውይይት እንዲገኙ።›› ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በዚያው አዳራሽ። እማዬ ‹‹ሦስታችንም እንሄዳለን›› ብላለች።

ቸር ያሰማን።